እሳት ካየው ምን ለየው?

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል የአገራችን ሰው። ማዕድ ቤት ውስጥ ሲባል ያስማማል፤ እህሉ አንዴ እሳት ከነካው ቆሎም ሆነ ንፍሮ ያው ይበላል። ችግሩ አባባሉ ሳይታወቀን ጫካ ድረስ ይከተለናል። ደን ሲቃጠል ሁላችንም እንጮኻለን፣ ፎቶ እንቀባበላለን፣ «ድረሱልን» እንላለን። እሳቱ በጠፋ ማግሥት ግን ጠቁሮ የቆመውን ግንድ እናይና «ይኼማ አለቀለት፤ ከሚበሰብስ ጣውላ ይውጣው፣ ካልሆነም ከሰል ይሁን» እንላለን። ቁጠባ ይመስላል። ክፋትም የለበትም። ብዙ ጊዜ ግን ጫካው ተመልሶ እንዳይነሳ የሚያደርገው ይኸው ሁለተኛው ሥራ ነው።

ይህ ጽሑፍ እሳቱ ጠፍቶ መጥረቢያው ሳይነሳ መሀል ላይ ስላለችው አጭር ጊዜ ነው። የምናያትም ከማንኪራ ሆነን ነው።

ለምን ከማንኪራ?

ማንኪራ ካፋ ውስጥ፣ ዴቻ ወረዳ፣ ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ ያለ ጫካ ነው። ካፋዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላሉ፤ «የቡና እናት» የሚሏትንም ዛፍ ያሳያሉ። ቡናው እርሻ ላይ የተተከለ ሳይሆን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን የዘራ ነው። አጠገቡ ኮረሪማ አለ፣ ጥምዝ አለ፤ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል።

ማንኪራ እንደ ባሌ ነድዶ ዜና የሆነ ጫካ አይደለም። አካባቢው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ወለሉ ቅጠል የጠገበ፣ እርጥብና ጥላ ነው። ታዲያ እሳት የማያውቀው ጫካ ስለ እሳት ምን አገባው? የሚያሳስበውም ይኸው አለማወቁ ነው። በየጊዜው የሚነድ አገር ከእሳት ጋር መኖርን በሆነ መንገድ ይለምዳል። እርጥብ ጫካ ግን አልለመደም። አብዛኛው ዛፉ ቅርፊቱ ስስ ነው፤ መሬት ለመሬት የሚሄድ ትንሽ እሳት እንኳ ሥሩ ላይ ያለውን ሕያው ክፍል አብስሎ ሊገድለው ይችላል። አማዞን ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ነገር አሳይተዋል። እንዲህ ዓይነቱ ጫካ አንዴ ከተቃጠለ ጣሪያው ይከፈታል፣ ፀሐይና ነፋስ ወለሉን ያደርቁታል፣ ሁለተኛው እሳት ከመጀመሪያው ቀሎት ይገባል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እሳት በኋላ የሚደረገው ነገር የሁለተኛውን ዕጣ ይወስናል።

1992፦ ሁሉም እሳቱን አየ

ነገሩን በአገራችን በትልቁ ያየነው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከየካቲት ጀምሮ ባሉት ደረቅ ወራት ባሌና ቦረና ውስጥ ደኑ ነደደ። የነደደው መሬት ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ ነው። አገሪቱ በሰሜን ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች፤ በምሥራቅ ድርቅ ነበር። በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች «መንግሥት እሳቱን ለማጥፋት ዘግይቷል» ብለው ሰልፍ ወጡ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ቅጠል፣ አካፋና ገጀራ ይዞ ወደ ጫካው ዘመተ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ የእሳት ባለሙያዎች መጡ። ፍራይቡርግ ከሚገኘው የዓለም የእሳት ክትትል ማዕከል የመጡት ዮሐን ጎልዳመር ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም 1993 አዲስ አበባ ላይ ስለ ደን እሳት አስተዳደር ጉባኤ ተካሄደ።

ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ ትዕይንቱ ተደገመ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፤ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። ማኅበራዊ ሚዲያው በሙሉ ስለ ሰሜን ተራሮች ሆነ። እሳቱ ጠፋ ተባለ፤ ዜናውም አብሮ ጠፋ።

ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጊዜ ታሪኩ የሚያልቀው እሳቱ ሲጠፋ ነው። ስንት ሄክታር ነደደ፣ ማን ረዳ፣ ማን ዘገየ፤ ይኼ ሁሉ ተጽፏል። «ከዚያስ በኋላ?» ለሚለው ግን ካሜራ አይላክም። ጫካው የሚድነው ወይም የሚቀረው ግን እሱ ጊዜ ላይ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መለየት አለበት። ሰሜን ተራሮችና ባሌ አናት ላይ የሚበቅለው አስታ ከእሳት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ላዩ ሲቃጠል ከሥሩ ጉጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። በአግባቡ ካረፈና ከብት ካልበላው በዓመታት ውስጥ ይመለሳል። የማንኪራ ዓይነቱ ጫካ ግን አስታ አይደለም። ሁሉንም «ደን ተቃጠለ» ብሎ በአንድ ቃል መጥራት ለዜና ይበቃል፤ ለሕክምና ግን አይበቃም።

ጠቁሮ የቆመው ግንድ ምን ይሠራል?

የተቃጠለ ጫካ ውስጥ ስትገቡ ሞት ብቻ ነው የሚታየው። ቀስ ብላችሁ ብታዩ ግን ሥራ ላይ ያለ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ «ሞተ» የተባለው ሁሉ አልሞተም። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሥሩ ሕያው ሊሆን ይችላል። ይህንን ቡና ገበሬው ለማንም አስተማሪ ይሆናል። ያረጀ ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ ተደርጎ ሲጎነደል ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ጉንደላ የሚባለው ሥራ የቆመው በዚህ ላይ ነው። እሳት ላዩን የወሰደበት ግን ሥሩ ያልነደደ ቡናም እንዲሁ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። በማግሥቱ መጋዝ ይዞ የገባ ሰው ግን የሞተውንና ያልሞተውን መለየት አይችልም። ለመለየት ቢያንስ አንድ ክረምት ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ዘር ነው። እዚህ ላይ የደን ተመራማሪው ደመል ተክታይ ሥራ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። እሱና ስዊድናዊው አንደርስ ግራንስትሮም በኢትዮጵያ ደጋማ ደረቅ ደኖች ውስጥ አፈር ቆፍረው፣ ውስጡ የተኛውን ዘር ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው አፈሩ ውስጥ የተገኘው በብዛት የሣርና የአረም ዘር ነው፤ የጫካው ዛፎች ዘር ግን ጥቂት ነው። ጥናቱ የተደረገው በካፋ እርጥብ ጫካ ውስጥ አይደለም። ትምህርቱ ግን እዚህም ያገለግላል፤ ብዙዎቹ የእርጥብ ጫካ ዛፎች ዘራቸው ቶሎ የሚበቅል ወይም ቶሎ የሚበላሽ ነው። የቡናም ፍሬ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ቀን የሚጠብቅ ዓይነት አይደለም። እንግዲህ ወለሉ ላይ የነበሩት ችግኞች ከነደዱ አዲሱ ዘር ከየት ይመጣል? ከውጭ ነው የሚመጣው። የሚያመጡትም ወፎች፣ የሌሊት ወፎች፣ ጦጣዎችና ነፋስ ናቸው።

ወፍ ደግሞ ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም። ማረፊያ ይፈልጋል። ጠቁሮ የቆመው ግንድ ማረፊያው ነው። ከጎረቤት ጫካ ፍሬ በልቶ የመጣ ወፍ እሱ ላይ አርፎ ኩሱን ይጥላል፤ ኩሱ ውስጥ ዘር አለ። ለዚህ ነው ገላጣ መሬት ላይ ብቻውን በቀረ ዛፍ ሥር ከሌላው ቦታ ይልቅ የተለያየ ችግኝ ተሰብስቦ የምታዩት። ግንዱን ስትወስዱት ጣውላ ብቻ አይደለም የምትወስዱት፤ ዘሪውን ነው የምታባርሩት።

ሦስተኛው ጥላና አፈር ነው። ቅጠል የሌለው ግንድም ቢሆን ጥላ አለው፤ የወደቀውም ግንድ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል፣ ተዳፋት ላይ ሲጋደም ጎርፍ ያቆማል፣ ከኋላው አፈር ይሰበስባል፣ ችግኝ ያስጠልላል። ካፋ ተራራማ ነው፤ ዝናቡም ኃይለኛ ነው። አመድ የለበሰ ተዳፋት ላይ ግንድ ስትጎትቱ፣ መኪና የሚገባበት መንገድ ስትቆርጡ፣ ክረምቱ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። የወረደው ደግሞ በየወንዙ አድርጎ ወደ ጎጀብ፣ ከጎጀብ ወደ ኦሞ ነው የሚሄደው። ኦሞ ላይ አገሪቱ ብዙ ቢሊዮን ብር ያፈሰሰችባቸው የኃይል ማመንጫ ግድቦች አሉ። ደለሉ የት እንደሚተኛ መገመት አያቅትም።

አራተኛው ነዋሪው ነው። ምሥጡና ጢንዚዛው በድኑን ግንድ ይበሳሉ፤ ግንደ ቆርቁር እነሱን ፍለጋ ይመጣል፤ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ጎሬ ለሌላ ወፍ ቤት ይሆናል፤ ባዶ የሆነ ግንድ ውስጥ ንብ ይገባል። የካፋ ሰው ማሩን ከጫካ እንደሚያገኝ ለማስታወስ ያህል።

ኦሪገን ላይ የተነሳው ጠብ

«ይኼ ግምት ነው እንጂ ማን ለካው?» የሚል ይኖራል። ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት «ቢስኪት» የተባለ እሳት ወደ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት አዳረሰ። መንግሥት የተቃጠለውን እንጨት ለመሸጥ ወሰነ። ክርክሩ የታወቀው ዓይነት ነው፦ «ካልቆረጥነው ይበሰብሳል፤ ቆርጠን ብንተክል ጫካው ቶሎ ይመለሳል፤ ደረቁ እንጨት ከቆየም ሌላ እሳት ይጠራል።»

ዳንኤል ዶናቶ የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሄዶ ችግኝ ቆጠረ። ከእሳቱ በኋላ ሳይነካ በቀረው ቦታ በሄክታር 767 የሚሆን የጥድ ወገን ችግኝ በራሱ በቅሎ አገኙ። እንጨቱ ተቆርጦ በወጣበት ቦታ ግን 224 ብቻ ቀርቷል። በመቶኛ ሲሰላ 71 በመቶ ጠፍቷል ማለት ነው። የተጎተተው ግንድና የተረገጠው አፈር ገና የበቀለውን ችግኝ አጠፋው። ደግሞ ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ነበር፤ ቆራጮቹ የተዉት ቅርንጫፍና ጭራሮ መሬት ላይ ተከምሮ የሚነድ ነገር ጨመረ። እሳት ይከላከላል የተባለው ሥራ ማገዶ አሰናዳ።

ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሊወጣ ሲል ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የተወሰኑ ፕሮፌሰሮች መጽሔቱ እንዲያቆየው ጠየቁ። መጽሔቱ እምቢ አለ፤ አወጣው። ነገሩ ፖለቲካ ሆነ። ተቺዎቹ «አንድ እሳት፣ ጥቂት ዓመት፣ ይህ ብቻ አይበቃም» አሉ፤ አነጋገራቸውም ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡ ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ሥዕሉ ጠራ፦ ገላጣ የሚወዱ አንዳንድ ፍጥረታት ከቆረጣው ሊጠቀሙ ይችላሉ፤ በበድን እንጨት የሚኖሩት ግን በግልጽ ይጎዳሉ።

የኦሪገን ጥድ የማንኪራ ቀረሮ አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ ቀድተን አናመጣም። ጥያቄውን ግን ማምጣት እንችላለን፦ ከመቁረጣችን በፊት ችግኙን የቆጠረ አለ?

ካፋ ራሷ የምታውቀው መመለስ

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ካፋ ጫካ ወድቆ መነሳቱን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ታሪኳ ታውቃለች።

የካፋ መንግሥት ለብዙ ዘመን ራሱን ችሎ የኖረ፣ ድንበሩን በጥልቅ ጉድጓድና በአጥር ያጠረ መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ዘመተ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦር አብሮ ነበር። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተከላክሎ በመስከረም 1890 ዓ.ም. ተያዘ። ከዚያ በኋላ የመጣው የቁጥርም የሰውም ውድመት ነው። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙው በባርነት ተሸጠ፤ ብዙው ተሰደደ። ጦርነቱ ካለፈ ከስምንት ዓመት በኋላ ካፋን ያየው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በኋላ ስለ ካፋ ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ የጻፈው ስለ ፈረሰ አገር ነበር።

እርሻው ባለቤት አጣ። ባለቤት ያጣውን እርሻ ጫካው ወሰደው። ዛሬ «ድንግል» እያልን የምንጠራው የካፋ ደን ሁሉ ከፍጥረት ጀምሮ እጅ ያልነካው አይደለም፤ ከፊሉ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ሰው ያረሰው፣ ቤት የሠራበት መሬት ላይ የተመለሰ ጫካ ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ደስ ይላል፤ እዚህ አገር ጫካ ይመለሳል። ቢሳና ቀድሞ ይገባል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ጥላ ይሠራል፤ በጥላው ሥር እነ ሰሳ፣ እነ ቀረሮ ይከተላሉ። ይህ የሚሆነው ግን ዘር የሚመጣበት ጫካ አጠገብ ካለ፣ ማረፊያ የሚሆን ዛፍ ከቆመ፣ አፈሩም ቦታው ካለ ነው። ሁለተኛው ግን ደስ አይልም። ያኔ ጫካው ጊዜ ያገኘው ሰው ስለጠፋ ነው። የዚያ ጥላ ዋጋ የተከፈለው በሰው ነው። ስለዚህ «ሰውን አስወጣና ጫካው ይዳን» የሚል መፍትሔ ካፋ ውስጥ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። የዛሬው ፈተና ሰው ባለበት ለጫካው ያንኑ ጊዜ መስጠት ነው።

መጥረቢያው በማን እጅ ነው?

ድሮ በካፋ «ኮቦ» የሚባል ሥርዓት ነበር። አንድ ቤተሰብ በአንድ የጫካ ክፍል ላይ ቀፎ የመስቀል፣ ቡናና ቅመም የመልቀም መብት ነበረው። የካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ሲያደርገው እንዲህ ያለው መብት በሕግ ፊት ቀረ፤ በሰዉ ልብ ግን ጨርሶ አልጠፋም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ቦንጋ አካባቢ አሳታፊ የደን አስተዳደርን ጀመረ፤ የአካባቢው ሰው ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈርማል፣ ጫካውን ይጠብቃል፣ ይጠቀማል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ካፋን በባዮስፌር ሪዘርቭነት መዘገበ፤ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የባለቤትነት ዓይነት አወቀ።

ወረቀቱ አለ ማለት ነው። ጥያቄው «ጫካው ቢቃጠል የቆመው እንጨት የማን ነው? ማን ያወጣዋል? መቼ?» የሚል ነው። ይህ መልስ ከእሳቱ በፊት ካልተጻፈ፣ ከእሳቱ በኋላ የሚጽፈው መኪና ያለው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት እንጨት ወሳጅ አለ፤ ባንቀላቅላቸው ጥሩ ነው። አንዷ ጭራሮ ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ቦንጋ ገበያ የምትወርድ ሴት ናት። የማንጆ ማኅበረሰብ ለዘመናት ከመሬትም ከማዕድም ተገልሎ ከኖረበት ኑሮ ብዙው ማገዶና ከሰል ሽያጭ ላይ የቆመ ነው። «ደረቅ እንጨት አትንኩ» የሚል ደንብ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ሌላው ሌሊት አይሱዙ ይዞ የሚመጣው ነው። የመጀመሪያዋ የምትወስደው ጭራሮ ጫካውን አይገድለውም። ሁለተኛው ግን ትልልቁን ግንድ ይመርጣል፤ መንገድ ይቆርጣል፤ የቆረጠው መንገድ ነገ ለሞፈር መግቢያ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ይኼ ነው። የተቃጠለ ዛፍ መሸጥ ከተፈቀደ፣ ያልተቃጠለው ግን ከተከለከለ፣ ክብሪት ፈቃድ ሆነ ማለት ነው። አንድ ዋንዛ አረንጓዴ እያለ መቁረጥ ያሳስራል፤ ከጠቆረ በኋላ «የወደቀ ማንሳት» ይባላል። እንዲህ ዓይነት ደንብ እሳት ይወልዳል።

ከአሁኑ የሚጻፍ

ስለዚህ ማንኪራ ሳይነድ፣ በየማኅበሩ ውል ላይ ሊገቡ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከእሳት በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ሳያልፍ ማንም ግንድ አይቁረጥ፤ ያቆጠቆጠው ከሞተው ይለይ። መንገድና ቤት ላይ ሊወድቅ ያዘነበለው ብቻ ይነሳ፤ እሱም ከተቻለ እዚያው ተዳፋቱ ላይ አግድም ይተኛ። ጭራሮ በጀርባ ይፈቀድ፤ መኪናና መጋዝ ይከልከል። የተቃጠለ ግንድ ከወረዳው ውጭ አይሸጥ። ከብት ለጥቂት ዓመታት አይግባ። ችግኝ ከመተከሉ በፊት በራሱ የበቀለው ይቆጠር፤ ምናልባት መትከል አያስፈልግ ይሆናል። የተቃጠለውም ቦታ ካርታ ላይ «ደን» ተብሎ ይቆይ፤ «ክፍት መሬት» ተብሎ ለኢንቨስትመንት እንዳይሰጥ።

ለዚህ ሁሉ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤና ፊርማ ነው። ከዚያ ደግሞ አመዱ ላይ ቆሞ «ቆይ፣ ገና አላየነውም» የሚል ሰው።